የኤችአይቪ መከላከያ ኪኒን በፋርማሲ እንዲሰጥ የድሬዳዋ ምክር ቤት ማወጅ ይችላል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሳቢያን አካባቢ በግል ፋርማሲ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ማታ ማታ ሴቶች እየመጡ ‹ያ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚዋጠው ኪኒን አለ?› ይሉኛል። እዚህ የለም፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ እላቸዋለሁ። እንደማይሄዱ ግን ይገባኛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በክልል ሕግ ፋርማሲስት ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሰጥ ተፈቅዷል ሲባል አነበብኩ። የድሬዳዋ ምክር ቤት እንዲህ ያለ አዋጅ ማውጣት አይችልም? ሐረር የምትሠራ ጓደኛዬ ደግሞ ‹እናንተ ከተማ ናችሁ፤ እኛ ክልል ስለሆንን እንችላለን› ትለኛለች። ማናችን ነን ልክ? ከየትስ እንጀምር?»

ምላሽ፦

በድሬ ወግ «አንቺ» ልበልሽና ልጀምር።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ማዘዣ የማስቀረቱን ነገር ድሬዳዋም ሐረርም ብቻቸውን አይችሉትም። የሁለታችሁም ክርክር እዚያ ላይ ያበቃል። ግን እኔ ኪኒኑን ከእነዚያ ሴቶች ያራቀው ማዘዣው ነው ብዬ አላምንም። ያራቀው ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሰው ዓይንና የበጀቱ ምንጭ ነው። እነዚህን ደግሞ ሁለቱም ምክር ቤቶች መንካት ይችላሉ። እንዲያውም ግማሹ አዋጅም አይፈልግም።

ለሌላው አንባቢ ስል ስለ መድኃኒቱ ጥቂት ልበል። ፕሬፕ የሚባለው ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ የሚወስደው መድኃኒት ነው። በእኛ ጤና ተቋማት የሚታወቀው በቀን አንድ ፍሬ የሚዋጠው ኪኒን ነው። ውስጡ ቴኖፎቪርና አንድ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ሁለቱም በኤችአይቪ ሕክምና ለዓመታት የተፈተኑ ናቸው። አንዳንዱን ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያቅለሸልሸዋል፣ ራሱን ያመዋል፤ ብዙውን ጊዜ ይተዋል። ጨብጥንና ቂጥኝን አይከላከልም፣ እርግዝናንም እንደዚያው። ኮንዶም አብሮ ይኑር የሚባለው ለዚህ ነው።

በትክክል ሲዋጥ በጣም ይሠራል። ካልተዋጠ ምንም አያደርግም። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ብዙ ገንዘብ የወጣባቸው ጥናቶች ያስተማሩት እሱን ነው። ኬንያና ኡጋንዳ ውስጥ አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ጥንዶች ላይ የተደረገው ጥናት ኪኒኑ የመያዝ ዕድልን በ75 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። በዚያው ሰሞን በአፍሪካ ወጣት ሴቶች ላይ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች ግን ጥቅም አላገኙበትም። ደማቸው ሲመረመር ምክንያቱ ታወቀ። አብዛኞቹ ኪኒኑን እየተቀበሉ አይውጡትም ነበር። ይህን ያዢልኝ። ስለ ሰዓትና ስለ ቦታ ሳወራ ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ። ማታ አንቺ ጋ ከሚመጡት መካከል እንደ ፖስትፒል ካደሩ በኋላ የሚዋጥ የሚመስላቸው እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። ያ ሌላ ነው፤ ፔፕ ይባላል። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል፣ ለ28 ቀን ይዋጣል። ኮንዶም ቀደደ የምትልሽን ወይም ተገድጃለሁ የምትልሽን ሴት «ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ» አትበያት። ዛሬ ማታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሄደው።

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ እንሂድ።

ሕጉ ሴኔት ቢል 159 ይባላል። የክልሉ ገዢ ጋቪን ኒውሰም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ፈረሙበት። ፋርማሲስቱ ሥልጠና ከወሰደ፣ ደንበኛውም ባለፉት 7 ቀናት የተሠራ ነጌቲቭ ውጤት ካሳየ፣ ከ30 እስከ 60 ቀን የሚበቃ ኪኒን ያለ ማዘዣ መስጠት ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ፔፕም በዚሁ ሕግ ገባ። የኢንሹራንስ ድርጅቶች «አስቀድማችሁ ካላስፈቀዳችሁን አንከፍልም» እያሉ የሚያጉላሉትን ነገር ሕጉ በአብዛኛው ዘጋው። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ኔቫዳ ደግሞ በ2021 ተመሳሳይ ሕግ አወጡ።

እስከዚህ አንብበሻል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል። ሕጉ ወጣ፤ ብዙ ፋርማሲዎች ግን አገልግሎቱን አልጀመሩም። ለምን? ኢንሹራንሱ ለኪኒኑ እንጂ ፋርማሲስቱ ለሚያማክርበት ጊዜ አይከፍልም ነበር። በር ዘግቶ የሚያወሩበት ክፍል የሌለው ብዙ ነው። ሠራተኛው ባንኮኒው ላይ ሰልፍ እያለ ግማሽ ሰዓት ከአንድ ሰው ጋር መቀመጥ አይችልም። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2024 በሌላ ሕግ እንደገና ተነሣ። ጊዜው ወደ 90 ቀን ተራዘመ፤ ለፋርማሲስቱ አገልግሎት የሚከፈልበት መንገድም ገባ። ፈቃድ ብቻውን እንዳልበቃ አዩ ማለት ነው።

ደቡብ አፍሪካዎች በሌላ በር ገቡ። የአገሪቱ የፋርማሲ ሙያ ምክር ቤት ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ፋርማሲስቶች ፕሬፕንና ፔፕን ራሳቸው እንዲያስጀምሩ ፈቀደ። የሐኪሞች ማኅበር «ሥራችንን ነጠቁን» ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ተረታ። ይግባኝ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገና ተረታ። ይህን ያነሣሁት ተስፋ ላስቆርጥሽ ብዬ አይደለም። ማዘዣን መንካት ከሐኪሞች ጋር ረጅም ክርክር ውስጥ እንደሚከት እንድታውቂው ነው። ያ ሁሉ ዓመት ሲሟገቱ አንቺ ጋ ማታ የሚመጡት ሴቶች ምን ይሆናሉ?

ወደ አገራችን ሕግ ስንመጣ ነገሩ እንዲህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ መድኃኒት የሚያጸድቀው ፌዴራል መንግሥቱ ነው። ፋርማሲስት ምን መሥራት እንደሚችል የሚወስነው ግን ስቴቱ ነው። ካሊፎርኒያ የተጠቀመችው በዚህ ሥልጣኗ ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ደግሞ አገር አቀፍ የጤና መመዘኛዎችንና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያዎችን የማውጣት ሥልጣን ለፌዴራሉ ይሰጣል። የትኛው መድኃኒት በማዘዣ፣ የትኛው ያለ ማዘዣ ይሸጥ የሚለው በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል ያልቃል። አዋጁም ቁጥር 1112/2011 ነው። ፕሬፕ ለማን ይሰጥ፣ በምን ምርመራ ይጀመር፣ ክትትሉ በስንት ጊዜ ይሁን የሚለው ከጤና ሚኒስቴር መመሪያ ይመጣል። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት ነገ ተሰብስቦ «በክልላችን ፋርማሲስት ያለ ማዘዣ ይስጥ» ብሎ ቢያውጅ ከፌዴራሉ ሕግ ጋር ይጋጫል። ተቆጣጣሪው የሚመጣው ደግሞ ምክር ቤቱ ዘንድ ሳይሆን አንቺ ባንኮኒ ላይ ነው። ፈቃድሽን የምታጪው አንቺ ነሽ።

ጓደኛሽ ልክ የሆነችበት ግን አለ። ሐረሪ የራሱ ሕገ መንግሥትና ሕግ አውጪ ያለው ክልል ነው። ለፌዴራሉ ባልተሰጠ ጉዳይ ሁሉ ማወጅ ይችላል፤ በጀቱንም ራሱ ያጸድቃል። ድሬዳዋ በቻርተር የምትተዳደር ከተማ ናት። ቻርተሯ አዋጅ ቁጥር 416/1996 ነው፤ ተጠሪነቷም ለፌዴራል መንግሥት ነው። የእኛ ምክር ቤት የሚያወጣው አዋጅ ከቻርተሩ ሊያልፍ አይችልም። ይሁንና የከተማዋን በጀት ማጽደቅ፣ የጤና ቢሮውን ዕቅድ መመርመር፣ ቢሮውን ጠርቶ መጠየቅ በእጁ ነው። ለያዝሽው ጉዳይ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። እዚህ ላይ ሐረር ከድሬ የሚበልጠው በስም እንጂ በተግባር ብዙም አይደለም። (ይህን ለጓደኛሽ አታንብቢላት።)

ደግሞ «ሕግ» ስንል ሁልጊዜ አዋጅ ይታየናል። አዋጅ ምክር ቤት ያወጣል። ደንብ ካቢኔው ያወጣል። መመሪያ ቢሮው ያወጣል። ከዚያ በታች በአንድ ሳምንት የሚበተን ሰርኩላር አለ። የኤአርቲ (የኤችአይቪ ሕክምና) ክሊኒክ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ደህና የሆኑ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒታቸውን በአንዴ ይዘው ይሄዳሉ። ድሮ በየወሩ ነበር የሚመላለሱት። የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ያቀለለው ይህ ለውጥ በአዋጅ አልመጣም፤ በሕክምና መመሪያ ነው የመጣው። የሚፈለገውን ነገር በትንሹ ወረቀት ማግኘት ከተቻለ ለምን ትልቁን እናሳድዳለን?

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ማዘዣው ይኑር። ግን መድኃኒቱ አንቺ ጋ ይምጣ።

እንዴት? ሴትየዋ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ ወይም የጤና ጣቢያው ነርስ ወደ እሷ ትመጣለች። ኤችአይቪ ትመረመራለች፣ የኩላሊትና የጉበት ቫይረስ ቢ ነገር ይታያል፣ ትመከራለች፣ ይታዘዝላታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ኪኒን ግን ከመረጠችው ፋርማሲ ትወስዳለች። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ሻምፖ ልትገዛ የገባች መስላ። በየ3 ወሩ ለሚደረገው የኤችአይቪ ምርመራ የራስ በራስ መመርመሪያ መጠቀም የሚቻልበትን መንገድ ቢሮው ከሚኒስቴሩ ጋር ይነጋገርበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለፕሬፕ ክትትል ይቻላል ብሏል። መድኃኒቱ የመንግሥት ነው፣ በነጻ ይሰጣል። ፋርማሲሽ ለድካሙ ከቢሮው የአገልግሎት ክፍያ ያገኛል። ካሊፎርኒያ የሳተችውን እኛ ከመጀመሪያው እናስገባው። ባለቤቱ ሳይከፈለው ለወር ይሠራል፣ ለሁለት ወር ይሠራል፤ ከዚያ መደርደሪያው ለሌላ ዕቃ ይፈለጋል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ኪራይ አለበት።

ይህ ውል ይፈልጋል፤ ውሉን የሚደግፍ የቢሮ መመሪያም ይፈልጋል። ሚኒስቴሩም ማወቅና መስማማት አለበት፤ የፕሮግራም መድኃኒት ወደ ግል መደርደሪያ ሲገባ የሚጠይቅ ብዙ ነው፣ ትክክልም ነው። መመሪያው ውስጥ የማይቀሩ ነገሮች አሉ። የተጠቃሚዋ ስም ሳይሆን ቁጥሯ ይመዝገብ። መዝገቡ ይቆለፍበት። ኪኒኑ ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ እንዳለበት አንቺ ታውቂያለሽ፤ ድሬ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግንቦት ላይ መብራት ከጠፋ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ፋርማሲ ምን እንደሚሆን አስቢው። ስለዚህ ሁሉም ፋርማሲ አይገባም፤ ቴርሞሜትር ያለው፣ በር የሚዘጋ ትንሽ ክፍል ያለው ይመረጣል። በ3 ወይም በ4 ፋርማሲ ይጀመር። ከዚራ ላይ አንድ፣ ሳቢያን ላይ አንድ፣ መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ አንድ ቢሆን እኔ በቂ ነው እላለሁ።

መልካ ጀብዱን ያነሣሁት በምክንያት ነው። የባቡር ጣቢያው እዚያ ነው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በዚያው በኩል ነው። የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች በዚያ ያልፋሉ። ከገጠር መጥተው በጋራ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሴት ሠራተኞች በዚያ አሉ። አገልግሎቱ በአገራችን ሲጀመር ያተኮረው በሁለት ወገኖች ላይ ነበር፤ በወሲብ ንግድ በሚተዳደሩ ሴቶችና የትዳር አጋራቸው ቫይረሱ ባለበት ሰዎች ላይ። ሹፌሩና የፋብሪካዋ ልጅ እዚያ ዝርዝር ውስጥ በቀላሉ አይገቡም። የከተማ ምክር ቤት ዝርዝሩን በራሱ ማስፋት አይችልም። ቢሮው ግን «በእኛ ከተማ እነዚህን ጨምረን እንሞክር» ብሎ ሚኒስቴሩን መጠየቅ ይችላል። ለጥያቄው መነሻም አለው። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአገሪቱ የኤችአይቪ ስርጭት 0.9 በመቶ ሲሆን፣ ድሬዳዋ 2.5 በመቶ አካባቢ ነበረች። ሐረሪም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቁጥሩ ቆየት ያለ ነው፤ ልዩነቱ ግን ለደብዳቤ መግቢያ ይበቃል።

አሁን ስለ በጀት። ከሁሉም የሚከብደው እዚህ ነው፤ ምክር ቤቱ በእርግጥ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው።

በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒትና የመከላከል ሥራ ለዓመታት የኖረው በአብዛኛው በውጭ ገንዘብ ነው፤ ፔፕፋር በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የኤችአይቪ ዕርዳታና በግሎባል ፈንድ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በአንድ ጊዜ አቆመ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሕይወት አድን የሚባሉት ሥራዎች እንዲቀጥሉ ፈቀደ። ሕክምናው ተመለሰ። ፕሬፕ ግን በፈቃዱ ውስጥ የገባው ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ብቻ ነበር። ዋናዎቹ ተጠቃሚዎች፣ እነዚያ ማታ የሚመጡት፣ ከዝርዝሩ ወጡ። በምሽት የሚዞሩ አማካሪዎችን፣ የአቻ ለአቻ አስተማሪዎችን፣ ሴቶቹ አረፍ ብለው የሚመረመሩባቸውን ቤቶች የያዘውም ያው ገንዘብ ነበር።

ዋሽንግተን ላይ አንድ ወረቀት ሲፈረም ለገሀሬ ላይ አገልግሎት የሚቆም ከሆነ ሥርዓት አለን ማለት አይቻልም። ለዚህ ነው ከማዘዣ ሕግ ይልቅ የበጀት መስመር ጠይቁ የምለው። «ኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት አገልግሎት» የሚል፣ በጤና ቢሮው በጀት ውስጥ ራሱን ችሎ የተጻፈ መስመር። መጠኑ መጀመሪያ ትንሽ ይሁን፤ ግድ የለም። መስመሩ ካለ በየዓመቱ ሪፖርት ይጠየቅበታል፣ ቋሚ ኮሚቴው «ምን ደረሰ?» ይላል። መስመር የሌለው ነገር በቃል ይመሰገናል፣ ሐምሌ ላይ ይረሳል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ኪኒኑ ራሱ ውድ አይደለም፤ ከአገር አቀፉ አቅርቦት ሲመጣ ደግሞ ከተማዋ አትገዛውም። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ እዚሁ ድሬዳዋ አለ። ከተማዋ መሸፈን ያለባት ሰውና ሰዓቱን ነው፦ የማታ ነርስ አበል፣ የፋርማሲው የአገልግሎት ክፍያ፣ የላብራቶሪ ወጪ፣ የአቻ አስተማሪዎቹ ትራንስፖርት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከበጀታቸው እስከ 2 በመቶ ለኤችአይቪ ሥራ እንዲይዙ የሚያደርግ የቆየ አሠራር አለ። ብዙ ቦታ ይህ ገንዘብ ከተያዘም ቲሸርትና የኅዳር 22 ሰልፍ ሆኖ ያልቃል። ከእሱ ጥቂቱ ወደዚህ ይዙር ማለት አዲስ ብር መጠየቅ አይደለም፤ ስለዚህ ለምክር ቤት አባል ለመቀበል ይቀላል።

ሰዓትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ሌሊት የምትሠራ ሴት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ካርድ ክፍል እንድትሰለፍ መጠበቅ የማይሆን ነገር ነው። ከሰዓት ሙቀቱ አለ፣ በርጫው አለ። በሳምንት 2 ቀን አንድ ጤና ጣቢያ እስከ ማታ 3 ሰዓት ይክፈት። ይህ የቢሮ ኃላፊ ደብዳቤ ነው፤ አዋጅም ደንብም አይደለም።

የሰው ዓይን ግን ሰፋ ያለ ነገር ነው። ፕሬፕ ብልቃጡም ሆነ ኪኒኑ የሕክምናውን መድኃኒት ይመስላል። ቦርሳዋ ውስጥ ያገኘው ሰው «አለባት ማለት ነው» ይላል። ድሬ ውስጥ ወሬ ከደቻቱ ጎርፍ ይፈጥናል። አንዳንዷ ኪኒኑን ተቀብላ የማትውጠው ለዚህ ነው፤ ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽ ጥናት። በሌላ ዕቃ ቀይሮ መስጠት ፋርማሲስት ራሱ የሚያደርገው ነገር ነው። የፖሊስን ጉዳይ ግን ከአስተዳደሩ መጠየቅ ይቻላል። በማታ ፍተሻ ኮንዶም ወይም ኪኒን መያዝ ለጥርጣሬ ምክንያት እንዳይሆን የሚል የጸጥታ ቢሮ ሰርኩላር ቢወጣ ወጪ የለውም፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ከሁሉም በላይ በአዋጅ ደረጃ ቢጻፍ ደስ የሚለኝ የምስጢር ጉዳይ ነው። ሐረር ላይ ጓደኛሽ ምክር ቤቷን የምትጠይቀው ይህን ይሁን። የኤችአይቪ ምርመራና የመከላከያ መድኃኒት መረጃን ያወጣ የጤና ሠራተኛም ሆነ የፋርማሲ ሠራተኛ ምን እንደሚደርስበት በግልጽ የሚያስቀምጥ የክልል አዋጅ። ጀጎል ውስጥ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቦታ ይህ ከማንኛውም ቅስቀሳ ይበልጣል።

አንድ የማርቀቅ ምክር ልጨምር። ረቂቁ ላይ «ኪኒን» ብላችሁ አትጻፉ፤ «የመከላከያ መድኃኒት» በሉት። ምክንያቱም መርፌው እየመጣ ነው። ሌናካፓቪር የሚባለው በዓመት 2 ጊዜ ብቻ የሚሰጥ መርፌ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ወጣት ሴቶች ላይ ሲሞከር፣ መርፌውን ከወሰዱት ከ2,100 በላይ ሴቶች መካከል አንድም አልተያዘችም። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 አጸደቀው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በወሩ ይመከራል አለ። አሜሪካ ውስጥ ሲጸድቅ የተተመነበት ዋጋ በዓመት ከ28,000 ዶላር በላይ ነበር። ለ120 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ግን እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ በዓመት በ40 ዶላር ገደማ እንዲቀርብ ከጄኔሪክ (ያንኑ መድኃኒት በርካሽ ከሚሠሩ) አምራቾች ጋር ስምምነት ተደርጓል። ቦርሳ ውስጥ የሚደበቅ ብልቃጥ የለም፣ የሚረሳ ቀን የለም። እዚህ ሲደርስ ግን የሚወጋ ሰውና ቦታ ይፈልጋል። ያኔ ረቂቁ «ኪኒን» ብቻ የሚል ከሆነ እንደገና ምክር ቤት ደጅ መጥናት ሊመጣ ነው።

አሁን «ከየት እንጀምር» ላልሽው።

ብቻሽን አትሂጂ። ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ወገኖች ማኅበራት ይህን መንገድ ከማናችንም በላይ ያውቁታል። ሁለት ሦስት ፋርማሲስቶች፣ አንድ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ከተቻለ ከወሲብ ንግድ ላይ ያሉ ሴቶች ራሳቸው የወከሏት አንዲት ሴት ይኑሩ። መጀመሪያ የጤና ቢሮውን የኤችአይቪ ክፍል አነጋግሩ። እነሱ ሳያውቁ ምክር ቤት ከሄዳችሁ «ከሰሱን» ብለው ይቆጠባሉ፣ ነገሩም እዚያው ይሞታል። ቀጥሎ የምክር ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ነው። ወረቀታችሁ ከ2 ገጽ አይብለጥ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የበጀት መስመር፣ በጥቂት ፋርማሲዎች የሙከራ ውል፣ የማታ አገልግሎት። ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና የሚመድበው ሀብት እየጨመረ እንዲሄድ ያለበትን ግዴታ መጥቀስ አይጎዳም። ጊዜው ወሳኝ ነው። ሰኔ ላይ ብትደርሱ በጀቱ ተደልድሎ አልቋል። ቢሮዎች ዕቅዳቸውን ሲያዘጋጁ፣ ክረምቱ ከመግባቱ ብዙ ቀደም ብሎ ግቡ። ቢሮው መመሪያ ማርቀቅ ሲጀምር ደግሞ ረቂቁን ለአስተያየት እንዲያወጣ ጠይቁ፤ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ ይህን ይፈልጋል።

ምክር ቤት ውስጥ የሚነሣውን ጥያቄ ከአሁኑ ልንገርሽ፦ «ይህ ልቅነትን አያበረታታም?» የሚል ነው። አትቆጪ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ከጋብቻ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ እንደሚጠይቁ አስታውሺያቸው። በዚያ ምርመራ አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ነጌቲቭ ሆኖ የሚገኝ ጥንድ አለ። ፖዘቲቩ መድኃኒት ጀምሮ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እስኪሟሽሽ ድረስ ያሉትን ወራት ነጌቲቩ በፕሬፕ ይሻገራል። ትዳር ይጸናል፣ ልጅ ይወለዳል። ይህን የሚቃወም የሃይማኖት አባት እስካሁን አልገጠመኝም። ነገር ግን አቦ፣ ክርክሩን ለማሸነፍ ብላችሁ ጥንዶቹን ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ። እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ፤ ቆንጆው ምሳሌ በጀት ያገኛል፣ የማታዎቹ ሴቶች በሚቀጥለው ዓመት ይባላሉ። ሁለቱም በአንድ ወረቀት ይግቡ።

እስከዚያው አንቺ ያለ ማንም ፈቃድ የምታደርጊው አለ። በአቅራቢያሽ ካለው ጤና ጣቢያ ፕሬፕ የምትሰጠዋን ነርስ ስምና ስልክ ያዢ። የምትጠይቅሽን ሴት «ጤና ጣቢያ ሂጂ» ከማለት «እገሊትን ጠይቂ፣ ከፋርማሲ ነው የላኩኝ በያት» ማለት ሰፊ ልዩነት አለው። ስም ሳትጽፊ፣ በሳምንት ስንት ሰው እንደሚጠይቅሽና በስንት ሰዓት እንደሚመጡ ብቻ ደብተር ላይ ምልክት አድርጊ። ጓደኛሽም ሐረር ላይ እንደዚያው ታድርግ። ቋሚ ኮሚቴው ፊት ስትቀርቡ የመጀመሪያው ጥያቄ «በእርግጥ ፈላጊ አለው ወይ?» ነው የሚሆነው። ከጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ የሚገኘው የመጡት ሰዎች ቁጥር ነው፤ ያልሄዱት ያሉት አንቺ ደብተር ላይ ነው።